ወንዙ የማይደርስበት ገቢ

ይህን የምጽፈው ማሳቸው ከደረቅ ወንዝ ዳር ለሆነ፣ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጆሯቸውን ወደ ተራራው አድርገው ለሚተኙ ሰዎች ነው። የእኛ ማሳ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በደንገጎ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ደቻቱ ወንዝ ከሚወርዱት ገባሮች በአንዱ ዳር ይገኛል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ወደ ገጠሩ ያመጣኝ ትዳር ነው። እርሻን አማቴ አስተማሩኝ፤ ሒሳብን ከአባቴ ቤት ይዤ መጣሁ። ቀጥሎ ከምነግራችሁ አብዛኛው የሁለቱ ድምር ነው።

አካባቢያችንን ለማያውቅ ሰው፣ ወንዞቻችን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ናቸው። ውኃው የሚነሣው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው የሐረርጌ ተራሮች ሲሆን ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ይወርደዋል። ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሊታይ ይችላል፤ ጎርፉ ግን መንገድ ጀምሯል። ከተማውን አልፎ የሺኒሌ ሜዳ ሲደርስ ደግሞ አሸዋ ይውጠዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ደቻቱ ድንገት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ አገር የሰማው የከተማውን ሐዘን ነበር። እኛ ቤት ሰው ባይሞትብንም አፈር ሄዶብናል፤ የአማቴ አሮጌ ማንጎዎች ከነሥራቸው ተነቅለው ተወስደዋል። ከዚያ በ2008 ድርቅ መጣ፣ በ2012 አንበጣ መጣ፣ አንበጣው ሳይሄድ የኮሮና ወረርሽኝ ገበያውን አቀዘቀዘው።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ከባለሙያ አፍ ደጋግሞ የሚሰማው ምክር «የገቢ ምንጫችሁን አብዙ» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። እኛ ቤት አንድ ወቅት አምስት የገቢ ምንጭ ነበረን፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ አሸዋ መጫን፣ የአህያ ጋሪ ኪራይ፣ ባለቤቴም የጎረቤት የውኃ ፓምፕ እየጠበቀ የሚያገኘው የወር ክፍያ። በወረቀት ላይ ሲጻፍ ያማረ ነው። በአንድ የነሐሴ ምሽት ጎርፍ መጣ። ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ደለል አለበሳቸው። የመኪና መውረጃው ስለተቆረጠ አሸዋ የሚጭን ጠፋ። ጋሪው የሚሸከመው አትክልት አጣ። ፓምፑን ራሱን ውኃው ስለወሰደው ጠባቂም አላስፈለገም። አምስቱም የአንድ ወንዝ ልጆች ነበሩና በአንድ ሌሊት አብረው ተቀበሩ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ገቢ አንቆጥርም፤ ገዳዩን እንቆጥራለን።

ከልጄ የትምህርት ቤት ደብተር ባዶ የቀሩትን ገጾች ወስጄ ለእያንዳንዱ ገቢ አንድ መስመር ሰጠሁት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል። አንደኛ፣ ምን ይገድለዋል? ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የመንገድ መዘጋት፣ በሽታና ተባይ ወይስ የዋጋ መውደቅ? ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በየትኛው ወር ይገባል? ሦስተኛ፣ ማን እጅ ይገባል? ሦስተኛውን ስጽፍ ባለቤቴ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። የአትክልት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ጠቀም ብሎ የሚመጣ፣ በወንዱ እጅ የሚገባና ለድግስም ለዕዳም ቶሎ የሚወጣ ነው። የወተትና የፍራፍሬ ገንዘብ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ በሴቷ እጅ ይገባል፤ እህል የሚገዛው፣ ልጅ የሚታከመው በዚህኛው ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ብትጽፏቸው ቤቱ እንዴት እንደሚኖር አይታያችሁም።

ደብተሩ ካሳየን ነገር አንዱ ጫት ነው። ከእኛ ከፍ ብለው ያሉ ጎረቤቶቻችን ማሽላቸውን እየነቀሉ ወደ ጫት ዞረዋል፤ እኔም ጫትን የሚያወግዝ ስብከት የለኝም። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ድርቅ ከማሽላ ይልቅ ይችላል፣ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቆረጣል። ገዳዩ ግን መንገድ ነው። ጫት በተቆረጠ በማግስቱ ዋጋው ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ለፍየል ነው። አወዳይም ሆነ ድሬዳዋ ገዢ ቢኖር፣ መንገድ በተዘጋበት ቀን ወይም የጅቡቲና የሶማሊያ ገበያ በቆመበት ሳምንት ባለጫቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ሙሉ ማሳቸውን ጫት ያደረጉትን ሳይ እፈራላቸዋለሁ፤ በማሳቸው ጫፍ ጥቂት ረድፍ ያላቸውን ግን ብልሆች ናቸው እላለሁ፤ ገዳዩ ከሌላው ሰብላቸው ገዳይ የተለየ ነውና።

በእኛ ወንዝ ትልቁ ጠብ የሚነሣው ግን በአሸዋ ነው። ድሬዳዋ እየሰፋች ነው፤ ግንባታ ባለበት ሁሉ አሸዋ ይፈለጋል፤ ሲኖትራኩ እስከ ደጃችን ድረስ ይመጣል። የአሸዋ ገንዘብ በዕለቱ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ዘርና ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ማሳ የሌለው ወጣት አካፋ ብቻ ይዞ ይበላበታል። ይህን ገቢ «ተዉት» ማለት የሚበላው ላለው ሰው ቀላል ነው።

እኔ ነገሩን በሒሳብ አየሁት። አሸዋው ማጠራቀሚያችን ነው። ክረምት የወረደው ውኃ አሸዋው ውስጥ ሰርጎ ይቀመጣል፤ ከላይ ያለውን ፀሐይ ትወስደዋለች፤ ከአንድ ሜትር ገደማ በታች ያለውን ግን ብዙም አታገኘውም፤ በበጋ በእጅ ከተቆፈሩት ጉድጓዶቻችን የምንቀዳው ያንን ነው። ሻካራ አሸዋ ውኃ ሲጠግብ ከአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ሩብ ያህሉ ሊቀዳ የሚችል ውኃ ነው። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል። እንግዲህ አንድ መኪና አሸዋ በወጣ ቁጥር 4,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከግቢያችን አብሮ ይወጣል ማለት ነው። ባለ ማሳዎቹ ይህን ሒሳብ ሲሰሙ ዝም አሉ። ሌላም አለ፤ የወንዙ ወለል ዝቅ ሲል ዳርቻው ከሥሩ ይሸረሸራል፣ የሚቀጥለው ጎርፍ የማሳውን ጫፍ እየገመሰ ይወስደዋል።

አንድ ሾፌር ግን «አቦ፣ አሸዋው እኮ በየዓመቱ ከላይ ይመጣል!» ብሎ ተከራከረኝ፤ ግማሽ እውነት አለው። ጎርፍ በወረደ ቁጥር አዲስ አሸዋ ይቆለላል፤ በተለይ ወንዙ በሚታጠፍበት በውስጠኛው በኩል። ስለዚህ የአፎሻችን፣ ማለትም የሰፈር መረዳጃ ማኅበራችን፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት የተስማማነው እንዲህ ነው። አሸዋ የሚወጣው ክረምት ካለፈ በኋላ ከአዲሱ ክምር ብቻ ነው፤ ጉድጓድ ባለበት አካባቢ አካፋ አይገባም፤ እርጥብ አሸዋ ሲታይ ቁፋሮው ይቆማል፤ ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ብር ለጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ ተሞልቶበት ዳርቻ ለሚይዘው የሽቦ ቅርጫት፣ መግዣ ይቀመጣል። በአካፋ የሚተዳደሩት ወጣቶች የቀረባቸውን እንዲክስላቸው ደግሞ ከንክኪ የተከለለውን ኮረብታ ሣር አጭደው እንዲሸጡ ሰጠናቸው። ሁሉም ያከብረዋል? አያከብርም። ሌሊት የሚጭን አለ። ግን ቀን ቀን መቆሙ ብቻ ጉድጓዶቹን በግንቦት ውኃ እንዲኖራቸው አድርጓል።

ከአሸዋው ጋር የተያያዘው የፓምፕ ነገር ነው። የሐረማያን ሐይቅ በልጅነቱ ያየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሐረር ከተማ ለዓመታት የምትጠጣው ሐይቅ፣ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሲሳብና በደለል ሲሞላ ኖሮ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ፤ ከዚያ በኋላ ሐረር ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ከከርሰ ምድር በቧንቧ ተሳበላት። ያ ሐይቅ ነው፤ የእኛ የአሸዋ ውኃማ ሐይቅ እንኳ አይደለም።

ስለዚህ በጉድጓዳችን አፍ ላይ ገመድ አንጠልጥለናል። ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሯል፤ በየክንዱ አንድ ቋጠሮ አለው። ገመዱ ሲወጣ እርጥቡ የት ጋ እንደሚጀምር ታዩና ከአፍ እስከ ውኃው ስንት ቋጠሮ እንደሆነ ትቆጥራላችሁ። በእኛ ጉድጓድ በታኅሣሥ ውኃው ከስድስተኛው ቋጠሮ በታች ከወረደ ሁለተኛ ዙር ሽንኩርት አንተክልም። ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ አንተክልም። ሽንኩርት መሐል ላይ ውኃ ካጣ የችግኙም፣ የነዳጁም፣ የጉልበቱም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል፤ ሳይተከል የቀረ መሬት ግን ሌላ ሰው እንስሳ ያሰማራበታል፣ አገዳም ይቆለልበታል። ቁጥሩ በእናንተ ጉድጓድ ሌላ ይሆናል፤ ሁለት በጋ ብትለኩ ታውቁታላችሁ። የፀሐይ ፓምፕ ለሚያስቡም አንድ ነገር ልበል። ነዳጅ ስለማይጠይቅ ጥሩ ነው፤ ግን ነዳጅ ስለማይጠይቅ ሰው ማጥፋት ይረሳዋል። ገመዱ ለባለ ፀሐይ ፓምፕ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ፍየሉ ልምጣ፤ ቤታችንን ያቆመው እሱ ነው።

ፍየል በጎርፍ አይሞትም፤ ዳገት ይወጣል። ድርቅን ከላም ይልቅ ይችላል። ገዳዩ በሽታ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደስታ መሰል የሚባለው። ለእሱ ክትባት አለ፤ አንዴ በደንብ የተከተበ ፍየል ለዓመታት ይጠበቃል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው እስኪመጣ ከመጠበቅ ጎረቤት ተሰባስቦ ራሱ ሄዶ ቢጠራው ይሻላል፤ አንድ ጠርሙስ ክትባት ለብዙ ፍየል ስለሆነ ለሁለት ሦስት ፍየል ብሎ የሚመጣ የለም። ከገበያ የመጣ አዲስ ፍየል ደግሞ ከመንጋው ከመቀላቀሉ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይታሰራል። አማቴ ይህን የሚያደርጉት ክትባት የሚባል ነገር ከመስማታቸው በፊት ጀምሮ ነው።

ትልቁ ነገር ግን የሽያጩ ቀን ነው። ብዙ ሰው ፍየል የሚሸጠው ሲቸግረው ነው፤ የሚቸግረው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሆነ ዋጋው በዚያው ቀን ይወድቃል። እኛ የምንሸጠው በበዓል ነው። ድሬዳዋ የሁለቱም ሃይማኖት ከተማ በመሆኗ ሁለት ትልቅ ገበያ አለን፤ ፋሲካና አረፋ። ፋሲካ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። አረፋ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 9 ዋለ፤ በ2017 ግንቦት 29። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሚያዝያ ውስጥ ይገባል። ይህ ማለት ሁለቱ ገበያዎች እየተቀራረቡ ነው፤ ሁለቱም የሚውሉት የበጋው መኖ ባለቀበትና የበልጉ ሣር ገና በማያስተማምንበት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ ከሜዳ የመጣ ፍየል አጥንቱ የሚቆጠር ነው። ያን ጊዜ የሰባ ፍየል ያለው ሰው ዋጋውን ራሱ ይናገራል።

ለዚህ መኖው የሚቀመጠው ከስድስት ወር በፊት፣ በኅዳር ነው። የሐረር ሰንጋ ዝናው የመጣው ከእጅ እያጎረሱ ከማደለብ ነው፤ ገበሬው ከማሽላው መሐል የሳሳውን እየነቀለ፣ ቅጠሉን እየሸለቀቀ በሬውን ደጁ ላይ ያበላዋል። እኛ ያንኑ ለፍየል አደረግነው። የማሽላና የበቆሎ አገዳ ደርቆ፣ ተከትፎ፣ ከጭቃ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድርቅ የመታው ለጋ ማሽላ፣ ወይም ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቆጠው፣ መርዝ ይይዛል፤ የራበው ፍየል ጠግቦ ከበላው ሊሞት ይችላል። ደርቆ ድርቆሽ ከሆነ በኋላ መርዙ በብዛት ይቀንሳል። ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ወራሪ ዛፍ ፍሬ የሚለቅሙ አሉ፤ ጥሩ መኖ ነው፤ ግን ፈጭታችሁ ስጡት። ፍየል ሙሉውን ከበላው ዘሩን ሳይፈጭ በየማሳው ይዘራዋል፤ ያን እሾህ ደግሞ ከመሬት መንቀል ምን ማለት እንደሆነ የጎሮና የመልካ ጀብዱ ሰዎች ይነግሯችኋል።

ሁለቱ ገበያዎች የሚፈልጉት ፍየልም አንድ አይደለም። የፋሲካ ገዢ ሙክት ይፈልጋል፤ ጀርባውንና ደረቱን ዳብሶ ስብ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። የአረፋ ገዢ ሐኪም ነው። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ የወተት ጥርሱ ወልቆ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ካወጣ ዓመት አልፎታል፤ ለእርድ ይሆናል። ከዚያ ዓይኑን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ጆሮውን ይገለብጣል፤ ያነከሰ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ጆሮው የተቆረጠ ለዕርድ አይሆንም። ስለዚህ ለአረፋ ያሰብነውን ወጠጤ ጆሮውን በምልክት አንቆርጠውም፤ አንገቱ ላይ ቀለም ያለው ክር እናስራለን። ይህቺ ትንሽ ነገር ገበያ ላይ የምታመጣውን ልዩነት ጎረቤቶቼ ካዩ በኋላ የቀበሌያችን ፍየል ሁሉ ክር አድርጓል፤ ክሩን የምሸጠው እኔ ነኝ።

ስለ ሰብሉ አጭር ልሁን። ረጅሙን የአገር ማሽላ በበልግ እንዘራለን፤ በልጉ ከከዳን ግን አገር ማሽላ ለመድገም ጊዜ ስለማይኖር በሐምሌ ቶሎ የሚደርሰውን እንዘራለን፤ ከመልካሳ የወጣው «መልካም» የሚባለው ዝርያ ለእኛ ሠርቷል። ወፍ ይወደዋል፤ ልጆች መጠበቅ አለባቸው። እህሉን እንደ ሐረርጌ ወግ በጉድጓድ እናስቀምጥ ነበር፤ ጉድጓዱን ወደ ዳገቱ አወጣነው፣ ለዘርና ለክፉ ቀን የሚሆነውን ደግሞ አየር በማያስገባው ድርብ ከረጢት እናስራለን። ዛፎቹን በተመለከተ፣ ከወንዙ ጠርዝ ላይ የምንተክለው የዝሆን ሣር ብቻ ነው፤ ጎርፍ ቢወስደው ገንዘብ አልወሰደም፤ ካልወሰደው ዳርቻውን ይይዛል፣ ፍየልም ይበላዋል። ፓፓያና የተዳቀለ ማንጎ ከእርከኑ በላይ ናቸው። አምበሾክ፣ ማለትም ጊሽጣ፣ ድንጋያማው ላይ ያለ ብዙ ውኃ ያፈራል፤ ቀፊራ ገበያ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። ቲማቲም አልተውንም፤ ግን ከሐረማያና ከሐረርጌው ኮምቦልቻ በኩል ምርቱ በሚጎርፍበት ወቅት አናመርትም፤ በዚያ ወቅት ደላላው ዋጋ የሚናገረው ሣጥኑን እንኳ ሳያይ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። አፎሻና እድር ለሞትና ለሠርግ ናቸው፤ ጎርፍ ማሳ ሲወስድ ሣጥናቸው አይከፈትም፤ መከፈትም የለበትም። እቁብ በዕጣ ይወጣል፤ ችግር ግን የዕጣችሁን ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ የሰፈር ቁጠባ ቡድን ስናቋቁም፣ ሦስት ቁልፍ ካለው ሣጥን ውስጥ አንዱን ከረጢት ለክፉ ቀን ብቻ ለየነው። እሱ ለንግድ አይበደርም። የሚከፈተው ወንዙ የማንንም ማሳ ሲነካ፣ ወይም በልግ ከሽፎ ዘር መድገም ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ይህ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ ላይ «ገንዘብ ተኝቶ ምን ይሠራል?» የሚል ብዙ ነበር። እንዲተኛ ነው የተቀመጠው፤ ያንን ማስረዳት ከባዱ ሥራ ነበር።

አብዛኞቹ ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ስለሆኑ ወለድ አይነኩም። ቡድናችን ብድር ላይ ወለድ አያስከፍልም፤ ተበዳሪው ፍየል ገዝቶ ሲያተርፍ ከትርፉ በስምምነት ያካፍላል፣ ከሞተበት ኪሳራውንም እንካፈላለን። ለትልቅ ዕቃ ደግሞ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች አሉ፤ ዕቃውን ባንኩ ይገዛና ትርፉ በግልጽ ተነግሮ በየጊዜው በሚከፈል ሒሳብ ይሸጥላችኋል። ወለዱን ፈርታችሁ ባንክ ደጅ ያልረገጣችሁ ካላችሁ ስለዚህ ጠይቁ። ክርስቲያኖችም ይጠቀሙበታል፤ እኔ ተጠቅሜበታለሁ።

ሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥረው ቤት በሥራ የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ጀመረ፤ እኛም ቀበሌ ደርሷል። በበጋ ወራት እርከን ሠርቶ እህል ወይም ብር መቀበል ብዙ ቤት ፍየሉን በክፉ ዋጋ ከመሸጥ አድኗል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ራሱ ክፍያው ሳይሆን ክፍያው የሚገባበት ወር ነው፤ በደብተራችን ላይ ባዶ የነበሩትን ወራት ሞልቷል። እርከኑም ይሠራል፤ እርከን ካለው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ቀለሙ ሳይቀር ይለያል። በአንጻሩ አንድ ፕሮጀክት በአንድ ወቅት ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ጫጩት አከፋፍሎ ነበር። ሁሉም በአንድ ሳምንት ተቀበሉ፤ በሽታ ሲገባ ጫጩቶቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሞቱ። ሪፖርቱ ላይ «ገቢ አብዝተዋል» ተብሎ ተጽፎልናል ብዬ እገምታለሁ።

ከማሳው ውጪ ያለ ገቢ ካልተጨመረ ደብተሩ አይሞላም። ታላቋ ልጄ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ በየወሩ በቴሌብር የምትልከው ብዙ አይደለም፣ ግን ጎርፍም ድርቅም አያውቀውም። አማቴ መጀመሪያ «ልጅቷን ከአጠገቤ አራቃችሁብኝ» ብለው አኩርፈው ነበር። በኋላ አንድ ክፉ ሚያዝያ ላይ የመድኃኒታቸውን ገንዘብ እሷ ስትልክ «አንቺ ልጄ፣ ታናሿንም እዚያው ላኪያት» አሉኝ። ታናሿን አልላክኋትም፤ ፋብሪካም ገዳይ አለው፣ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ አላደርግም።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ግንቦት መጨረሻ ላይ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ደንገጎና ከዚያ በላይ ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ በበሩ ጀርባ ይለጠፋል፤ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል እነሱ ይደውላሉ፣ እኛ ወደ ታች እንደውላለን። የደወለውን ሰው ማንም «ውሸት ሆነ» ብሎ አይወቅሰውም፤ ያ በአፎሻው ተነግሯል፤ ባይሆን ኖሮ ሁለተኛ የሚደውል አይኖርም ነበር። ፓምፑ ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ተጭኗል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዝ ዳር አያድርም። የቤት ሰነድ፣ የክትባት ካርድና የቁጠባ ደብተር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሰራሉ።

ዘንድሮ ባለቤቴ ንብ እናርባ ብሎ ተነሥቷል። ወንዙ አይደርስበትም፣ ቦታ አይፈጅም፣ ማር ዋጋ አለው ይላል፤ እውነቱን ነው። ደብተሩን አወጣሁለት። ንብን የሚገድለው ድርቅ ነው፤ አበባ ከሌለ ማር የለም፤ በድርቅ መስመር ላይ ደግሞ ማሽላውም፣ ፓፓያውም አሉብን። የማሩ ገንዘብ የሚገባው በኅዳር ነው፤ ኅዳር እህል ስላለን ገንዘብ የማይቸግረን ወር ነው። በዚያ ላይ ጎረቤቶቻችን ለጫታቸው ፀረ ተባይ ይረጫሉ፣ ንቡ ደግሞ ድንበር አያውቅም። እሱ ግን ማር በመቀመጡ እንደማይበላሽ፣ ኅዳር ላይ ተቆርጦ ግንቦት ላይ ሊሸጥ እንደሚችል ተከራከረኝ። በዚህ ረትቶኛል። ከሁለት ቀፎ እንዳይበልጥና ቀፎዎቹ ከጫቱ ርቀው በኮረብታው ማዶ እንዲሰቀሉ ተስማምተን፣ በድርቁ መስመር ሥር በእርሳስ ጽፌዋለሁ።